ወተቱን ማን ጠጣው? እንስሳት ስለ አብዮት በሚጻፍ ስላቅ ውስጥ

(ሐረር ላይ ለጀማሪ ደራሲያንና ለሥነ ጽሑፍ መምህራን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። በምታውቁት ተረት እንጀምር።

በአንድ የድርቅ ዘመን አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ መቅሠፍት ያለ ኃጢአት አልመጣም፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ ከመንደር ዳር ያገኘውን በሬ ሰብሮ መብላቱን ተናገረ። «ኧረ ይህ ምን ኃጢአት አለው!» አሉት። ነብር ከመንጋ የተለየች ፍየል በላሁ አለ፤ ምንም አይደል ተባለ። ጅብ ሌሊት ገብቶ ዶሮ መስረቁን ገለጠ፤ እሱም ነጻ ወጣ። የአህያ ተራ ደረሰ። ጌታዋ ከሰው ጋር ቆሞ ሲጨዋወት ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ተናዘዘች። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «የመከራችን ምንጭ ተገኘ!» ብለው ተነሡ፤ በሏት።

የተረቱን አሠራር ፍቱና እዩት። በሬ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ሣር። የተበላው ነገር በደረጃ እያነሰ ይወርዳል፤ ፍርዱ ግን መጨረሻው ላይ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። «ፍርድ ተጓደለ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ተራኪው ያደረገው ቀለቡን በቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ነው። ዛሬ የምለው ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ስለ አብዮት የሚጻፍ የእንስሳት ስላቅ የሚቆመው በቀለብ ሒሳብ ነው። ማን ስንት በላ፣ ስንት ሠርቶ በላ፣ ሲበላስ ምን ምክንያት ሰጠ። መፈክሩ፣ ባንዲራው፣ ስብሰባው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ የአጻጻፍ ስልት ለሐረር እንግዳ አይደለም። በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። ልጅነታቸውን እዚሁ ሐረር በራስ መኮንን ቤት አሳልፈው፣ ከዓድዋ በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ ኋላም አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩና የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ተውኔቱን ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ቀድተው በ1910ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሽ፣ መኳንንቱ በተገኙበት አሳዩት። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ጉቦና ስለ አስተዳደር ብልሹነት ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ትምህርት አለ። «እንስሳ አድርጌ ብጽፈው ማን ይደርስብኛል?» የሚል ጸሐፊ ይሳሳታል። ጭምብሉ የሚሠራው «ይህ እኔን ነው የሚመለከተው» ብሎ የተቆጣ ሰው ራሱን ስለሚያጋልጥ ነው፤ ገዥው ግን መሳቂያ መሆንን ካልፈራ ጭምብሉ ከወረቀት አያልፍም። የእንስሳ ስላቅ ጥቅሙ ለጸሐፊው መደበቂያ መሆኑ ላይ አይደለም። በሰው ታሪክ ውስጥ በደመወዝ፣ በሥልጣን ስምና በንግግር የሚሸፈነው ነገር በእንስሳ ታሪክ ውስጥ ራቁቱን ይወጣል፤ ገለባ ገለባ ነው፣ እንቁላል እንቁላል ነው፣ ሁለቱም ይቆጠራሉ።

አሁን ሁላችንም ወደምንጠቅሰው መጽሐፍ እንምጣ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል «የእንስሳት እርሻ» (Animal Farm) የተባለውን፣ እንስሳት የእርሻውን ጌታ አባረው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበትን ታሪክ የጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1943 መጨረሻ እስከ 1944 መጀመሪያ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1945 ነው። ዐሥር ምዕራፍ ብቻ ያለው ትንሽ መጽሐፍ። ሰዎች ስለ ቁልፉ ማውራት ይወዳሉ፤ ናፖሊዮን የተባለው አሳማ የሶቪየቱ መሪ ስታሊን፣ ስኖውቦል የተባለው ተቀናቃኙ ትሮትስኪ፣ የነፋስ ወፍጮው የአምስት ዓመት ዕቅዱ፣ ቁራው ቤተ ክህነት። ይህን ፈተና ላይ ስለሚመጣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ለሚጽፍ ሰው ግን የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፤ የሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ።

ጌታው ተባሯል። ላሞቹ አልታለቡም፣ ጡታቸው ተወጥሯል። አሳማዎቹ ያልቧቸዋል፤ አምስት ባልዲ ወተት ይሞላል። «ይህ ሁሉ ወተት ምን ይደረጋል?» ሲባል ናፖሊዮን ባልዲዎቹ ፊት ይቆምና «ስለ ወተቱ አታስቡ፤ አዝመራው ይቀድማል» ይላል። ማታ ሲመለሱ ወተቱ የለም። ምዕራፉ ያበቃል። ኦርዌል ራሱ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ አሳማዎቹ ወተቱንና ፖሙን ለራሳቸው ያስቀሩበት ቦታ መሆኑን፣ ይህም መርከበኞች በቦልሼቪኮች ላይ የተነሡበትን የ1921ን የክሮንስታት ዐመፅ እንደሚያመለክት ገልጿል። ውሾቹ ገና ቡችላ ሳይሆኑ፣ ወፍጮው ሳይታሰብ፣ ማንም ሳይታረድ ነገሩ ያለቀው እዚያ ነው። በባልዲ ይለካል።

ስለዚህ አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ሠንጠረዥ ሥሩ። በቁም የእንስሳቱን ስም፤ በአግድም አምስት ዓምድ፦ ሥራው፣ ከአብዮቱ በፊት የሚበላው፣ በመጀመሪያው ወር የሚበላው፣ በዓመቱ የሚበላው፣ በመጨረሻ የሚበላው። ከአንዱ የጎደለው ሌላው ጋ መግባት አለበት። ዶሮዎቹ በሳምንት 400 እንቁላል ከሰጡ፣ በእንቁላሉ ምን እንደተገዛና ያንን ማን እንደበላ ሠንጠረዡ ይናገር። ሒሳቡ ካልገጠመ አንባቢው ስሕተቱን ባያገኘውም ታሪኩ ልፍስፍስ ይልበታል፤ ክፋቱ ከየት እንደመጣ አይጨበጥለትም። ብዙ የሚደርሰን ረቂቅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ገዥው ጅብ ይፎክራል፣ ያስፈራራል፣ ይገድላል፤ ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ማን ምን እንደሚበላ አይታወቅም። እንስሳቱ ሆድ የላቸውም። ጭራ የተቀጠለላቸው ካድሬዎች ናቸው።

የእንቁላሉን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ክፍል ሲያነብ ማንም ሳይነግረው የሚመጣለት ኮታ ነው፤ በደርግ ዘመን ገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት እንዲያስረክብ የተገደደው እህል። መጽሐፉ የተጻፈው ስለ ሶቪየት ነው፣ ለኛ ገበሬ አልተጻፈም። ቢሆንም ይሠራል፤ ምክንያቱም ኦርዌል የጻፈው የፖለቲካ ስም ሳይሆን እንቁላልና ቁጥር ነው። መሪው ሌኒን ወይም ኮሎኔል እገሌ እንደሆነ በግልጽ የሚጠቁም ምልክት ባበዛችሁ ቁጥር ታሪኩ የሚያገለግለው ዘመን ያጥራል።

ወደ እንስሳ ምርጫ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። 

አሳማ ገዥ እንዲሆን የተመረጠበት ምክንያት በእንግሊዝ እርሻ ከሁሉ ብልህ የቤት እንስሳ እሱ በመሆኑ ነው። መጽሐፉን ለማተም ፈቃደኛ ከነበሩት አሳታሚዎች አንዱ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ጋር ከተነጋገረ በኋላ፣ ገዥው መደብ አሳማ ባይሆን ቅሬታው ይቀንስ ነበር ብሎ ጽፎ መልሶለታል፤ ያ ባለሥልጣን የሶቪየት ሰላይ እንደነበረ ቆይቶ ታወቀ። በሌላ ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረው ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ደግሞ በ1944 ሲመልሰው፣ አሳማዎቹ ብልህ ስለሆኑ ለመምራት የሚገባቸው እነሱ ናቸው፣ የጎደለው ለሕዝብ የሚያስቡ አሳማዎች ናቸው የሚል ነገር ጽፏል። አስቂኝ ንባብ ነው፤ ግን አንባቢው መጀመሪያ ላይ በአሳማዎቹ ሊያምን እንደሚችል ያሳያል። ታሪኩ የሚፈልገውም ይህን እምነት ነው።

የኛ አንባቢ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ አሳማ አይበላም፣ አያረባም፤ የሚያውቀው ሌሊት ማሳ የሚገለብጠውን ከርከሮ ነው። አሳማው ገና አፉን ሳይከፍት ርኩስ ነው። እንግዲህ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ከጠረጠረ ምን ይከዳዋል? አብዮት ላይ የሚጻፍ ስላቅ በቅድሚያ አንባቢውን አብዮተኛ ማድረግ አለበት። ጌታው ይገርፋል፣ ይራባሉ፣ ሲነሡ አብረን እንነሣለን። ይህ ካልሆነ የሚቀረው «እኔ መጀመሪያም ነግሬያችሁ ነበር» የሚል የአድኃሪ ቀልድ ነው።

በበኩሌ ለአገራችን ገዥ የምመርጠው ፍየልን ነው። ቤተኛ ናት፣ ብልህ ናት፣ በር ትከፍታለች፣ ከማንም በላይ ትወጣለች፣ ልጅ ሁሉ ይወዳታል። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» መባሉም ለኛ ጉዳይ በቂ ምስክር ነው። ደግሞም ግራር ስትቀጥፍ በኋላ እግሮቿ ትቆማለች። ኦርዌል አሳማዎቹን በሁለት እግር ለማስኬድ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ጠብቆ ነው ያስደነገጠን፤ በፍየል ከጻፋችሁ ግን ድንጋጤው አይሠራም፣ ተፈጥሮዋ ነውና። ስለዚህ በተቃራኒው ሂዱ፦ በመጀመሪያው ገጽ በሁለት እግሯ ቆማ ለበጎቹ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ዝቅ ስታደርግላቸው ይታይ። ሁሉም ያመስግናት። በመጨረሻው ገጽ እዚያው አቋቋም ላይ ሆና ቅርንጫፉን አትልቀቀው።

ጅብን በተመለከተ እናንተ ሐረሮች የተለየ ችግር አለባችሁ። በደጋው ተረት ጅብ ሆዳምና ቂል ነው፤ የፖሊስና የዘራፊ ሚና በቀላሉ ይሰጠዋል። እዚህ ግን ወራባ፣ የሐረሪው ጅብ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ የራሱ ቀዳዳ ተሠርቶለት ይገባል ይወጣል፣ ቆሻሻ ያነሣል፣ በአሹራ በዓል ገንፎ ይቀርብለታል፤ አቀማመሱ ለዓመቱ ምልክት ተደርጎ ይታያል። በሐረር ጅብን ደረቅ ገዳይ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን አያሳምንም። ይልቅ ይህን ሁለትነት ተጠቀሙበት፤ ከተማው ራሱ ቀዳዳ ከፍቶ ያስገባው፣ ያበላው፣ የተማመነበት ጠባቂ ከአብዮቱ በኋላ ቀለቡን በማን ትእዛዝ እንደሚበላ ማየት ከማንኛውም የደጋ ጅብ የበለጠ ያስፈራል።

አንበሳ ተቃጥሏል። ንጉሡን ለመወከል ብላችሁ አንበሳ ብታመጡ አንባቢው ሞዓ አንበሳን አይቶ ይጨርሳል፤ ደርግ ራሱ ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ ላይ ዘውዱን ያነሣው ለዚህ ነው። ዘውዱን የተቀማ አንበሳ ባንዲራው ላይ መቆየቱ ራሱን የቻለ ስላቅ ነበር፤ የሚጨመርበት የለም።

ሠራተኛውስ? ኦርዌል ቦክሰር የተባለ ፈረስ አለው፤ መልሱ ሁሌ «የበለጠ እሠራለሁ» ነው። ለጡረታው የተስፋ ቀለብ ተቆርጦለታል፦ በቀን አምስት ፓውንድ እህል፣ ማለት ከሁለት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ፣ በክረምት ሰባት ኪሎ ገደማ ድርቆሽ፣ በበዓል አንድ ካሮት። የፈረስ ጡረታ በ12 ዓመቱ ነበር። ዕድሜው ሊሞላ ሲል ሳንባው ይከዳውና በሕክምና ስም ለፈረስ አራጅ ይሸጣል፤ በዋጋው አሳማዎቹ ውስኪ ይገዛሉ። አህያው በጋሪው ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ ማንበብ ሁሌም ይችል ነበር፣ የሚነበብ ነገር የለም እያለ ነው የኖረው።

ለሐረርጌ አንባቢ ከዚህ የከፋ አማራጭ እጃችሁ ላይ አለ። ገበሬው በሬውን ጥቂት ዓመት ያርስበታል፤ ከዚያ ከቀንበር አውጥቶ ደጃፉ ላይ ያስረውና የማሽላና የበቆሎ ቅጠል እያጨደ፣ በእጁ እያቀረበ ያደልበዋል፤ የሐረር ሰንጋ እየተባለ የሚሸጠው እሱ ነው። እንግዲህ ያን በሬ ታሪክ ውስጥ አስገቡት። ዕድሜ ልኩን ለአብዮቱ አርሷል። አንድ ቀን ፍየሎቹ «ጓድ በሬ፣ ደክመሃል፤ ከዛሬ ጀምሮ አትሠራም» ይሉታል። ለምለም ቅጠል ይቀርብለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይጠግባል። አመስጋኝ ሆኖ ንግግር ያደርጋል። በሬው ጡረታ ወጣሁ ብሎ ያምናል፣ አንባቢው ከመጀመሪያዋ እስር ቅጠል ጀምሮ ያውቃል። ጋሪ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ አያስፈልጋችሁም። ቀለቡ ራሱ ይናገራል።

ሕጎቹ ላይ ልምጣ። በኦርዌል ግድግዳ ላይ ሰባት ሕግ ተጽፏል። ስድስቱ በዓይን የሚረጋገጡ ናቸው፦ በስንት እግር ትሄዳለህ፣ ልብስ ለብሰሃል ወይ፣ አልጋ ላይ ተኝተሃል ወይ፣ መጠጥ ጠጥተሃል ወይ፣ ገድለሃል ወይ። ረቂቅ ሐሳብ የያዘው ሰባተኛው፣ «እንስሳት ሁሉ እኩል ናቸው» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም የሚፈርሰው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አልጋ፣ ቀጥሎ ግድያ፣ ከዚያ መጠጥ። እያንዳንዱ ሲፈርስ ሕጉ አይሰረዝም፤ ጥቂት ቃል ይጨመርበታል። ሰባት ሕግ ለዚያ ርዝመት ልክ ነው፤ ስምንትና ዐሥር ገጽ ለሆነ አጭር ልብወለድ ግን ከሦስት አትለፉ። አንባቢው የመጀመሪያውን ሕግ በቃሉ ካልያዘ ለውጡን አያየውም። ሕጉ በተጻፈና በፈረሰ መካከልም ሌላ ድርጊት ይግባ፤ በተከታታይ ገጽ ላይ ካስቀመጣችሁት ቀልድ ብቻ ይሆናል። 

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጭማሪው የሚገባው መሐል ነው፤ «ማንም እንስሳ አልጋ ላይ አይተኛም» የሚለው «ማንም እንስሳ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ላይ አይተኛም» ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ሲጻፍ ጸሐፊዋ ፍየል በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት እንደተወች በጨረፍታ ጥቀሱት። እጇ ስለማይመች ነው ይበል አንባቢው።

ጊዜ ስለማስቆጠር ደግሞ ውሾቹን ተመልከቱ። በሦስተኛው ምዕራፍ ዘጠኝ ቡችሎች ተወልደው ናፖሊዮን ለትምህርት ብሎ ቆጥ ላይ ይወስዳቸዋል፤ እንስሳቱም ይረሷቸዋል። በአምስተኛው ምዕራፍ ዘጠኝ ትልልቅ ውሾች ሆነው ይወጣሉ። ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ስለእነሱ ዝም ተብሏል። ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ዝምታ አይችልም፤ በየገጹ ቡችሎቹ ሲያድጉ ያሳያል፣ አንባቢም ይጠብቃቸዋል።

ቃል አቀባዩ ገጸ ባሕርይ የሚሳካው በቁጥር ነው። ስኩዊለር የተባለው አሳማ የምርት መጠን በ200፣ በ300፣ በ500 በመቶ ማደጉን ያነባል፤ እንስሳቱ የድሮውን ስለማያስታውሱ ሊያስተባብሉት አይችሉም፤ ሆኖም ቁጥሩ ቀርቶ ምግቡ ቢበዛ የሚመርጡበት ቀን ነበር። ቁጥሩን ከሆዱ አጠገብ አስቀምጡት፤ ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩ።

የኑዛዜው ትዕይንት ደግሞ ከአህያዋ ተረት ጋር ይገጥማል። ኦርዌል ስታሊን ተቀናቃኞቹን ያስፈረደባቸውን የ1936–38ቱን የሞስኮ ችሎቶች ሲጽፍ አንዲት ዝይ ቀርባ ባለፈው አዝመራ ስድስት ዛላ እህል ደብቃ ሌሊት መብላቷን ትናዘዛለች፤ እሷም ትገደላለች። ስድስት ዛላ። ከሴራና ከስለላ ክስ መሐል ይህች ትንሽ ቁጥር ናት የምታሳምም። ሂስና ግለሂስን የሚያስታውስ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን ከእናንተ አካባቢ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በ1977 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ መንደር ምሥረታ በስፋት ሲካሄድ ገበሬው የተበታተነ ቤቱን አፍርሶ በመስመር እንዲሠራ ተደረገ። ይህን በእንስሳ እንጻፍ ብትሉ፣ ጎጆ ሸምነው የሚሠሩትን ሸማኔ ወፎች ውሰዱ። ጎጇቸውን በየግራሩ ጫፍ የሚያንጠለጥሉት እባብ እንዳይደርስ ነው። ትእዛዝ ይወጣል፦ ለአገልግሎት እንዲመች ሁሉም በአንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ፣ በእኩል ርቀት ይሥራ። ወፍራም ቅርንጫፍ እባብን ይሸከማል። ትርክቱ ከተፈጥሮ ሕግ ራሱ ወጣ፤ የሴራው ውጤት በጸሐፊው ፈቃድ የመጣ አይመስልም። እዚህ ላይ የሚበላሸው ጸሐፊው እባቡን ካድሬ ሲያደርገው ነው። እባቡን ተዉት፣ እባብ ይሁን። ትእዛዙን ያወጣው ሌላ ነው፣ ምናልባትም በቅን ልቦና።

ስለ ቁልፍ ብዛት አንድ ነገር ልበል። ለሁሉም እንስሳ አንድ ታሪካዊ ሰው መፈለግ ይቁም። ኦርዌል ሽማግሌውን አሳማ ከማርክስም ከሌኒንም ቀላቅሎ ሠራው፤ የራስ ቅሉ ለሰላምታ ሲሰቀል የሌኒን ሬሳ ይታወሰናል፣ ንግግሩ ግን የማርክስ ነው። ፈረሱ ሚሊዮኖች ነው። ድመቷ ማንም አይደለችም፤ የዳግም ትምህርት ኮሚቴ ውስጥ ገብታ ድንቢጦቹን አሁን ጓዶች ስለሆንን እጄ ላይ ማረፍ ትችላላችሁ ትላቸዋለች፣ እነሱም አያርፉም። ድመት ስለሆነች ብቻ አለች፣ መጽሐፉም ያለሷ ይደኸይ ነበር። ከዐሥር ገጸ ባሕርያት ሁለት ወይም ሦስቱ ሰው ቢወክሉ ይበቃል፤ የቀሩት መደብ ወይም ራሳቸው ይሁኑ።

ለገዥውም ፍትሐዊ ሁኑ። መጽሐፉ ሊታተም ሲል ኦርዌል አንድ ቦታ አስለወጠ። ወፍጮው ሲፈነዳ ናፖሊዮንን ጨምሮ ሁሉም መሬት ላይ ተኙ የሚለውን «ከናፖሊዮን በቀር» አደረገው፤ ጀርመኖች ሲገፉ ስታሊን ከሞስኮ አልወጣምና። የሚጠሉትን ሰው በሁሉ ነገር ፈሪ፣ ደደብና አስቀያሚ ካደረጉት አንባቢው «ታዲያ እንዴት ገዛቸው?» ይላል፤ መልስ አታገኙለትም።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደ ሥራም አለ፤ ሩሲያዊው ሚኻኢል ቡልጋኮቭ እ.ኤ.አ. በ1925 የጻፈው «የውሻ ልብ»። እዚያ እንስሳው ሰው ይደረጋል። ሐኪሙ የሰው እጢ ተክሎበት ሰው የሆነው የመንገድ ውሻ ባለጌ ባለሥልጣን ይሆንና ከተማዋን ከድመት የማጽዳት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ይቀጠራል። ቀድሞም የሚያሳድደው ድመት ነበር፤ አሁን ደመወዝ ተቆረጠለት። የመንግሥት ደኅንነት የእጅ ጽሑፉን በ1926 ወሰደው፤ በአገሩ የታተመው በ1987 ነው። ይህ አካሄድ ለአጭር ልብወለድ ከእርሻው ይመቻል፤ አንድ እንስሳ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ሥልጣን።

የቀረው አጨራረስ ነው። በኦርዌል መጨረሻ አሳማና ሰው ካርታ ይጫወታሉ፣ ሁለቱም አንድ ብቻ ሊኖር የሚገባውን የስፔድ ኤስ በአንድ ጊዜ ይጥሉና ጠብ ይነሣል፤ ስታሊን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ መሪዎች ጋር የተገናኘበት የ1943ቱ የቴህራን ጉባኤ ነው። እንስሳቱ በመስኮት እያዩ ይቀራሉ፤ ማንም አይነሣም። በ1954 የወጣው የካርቱን ፊልም ይህን ቀይሮ እንስሳቱ በአሳማዎቹ ላይ ሲያምፁ ያሳያል፤ ገንዘቡ በስውር የመጣው ከአሜሪካው የስለላ ድርጅት፣ ከሲአይኤ ነበር። ተመልካች ደስ ብሎት ይወጣል። ግን በአዲሱ ዐመፅ ማግስት ላሞቹ መታለብ አለባቸው፤ ወተቱን ማን እንደሚጠጣ ፊልሙ አልጠየቀም። በድል ልትጨርሱ የምትፈልጉ ካላችሁ አልከለክልም፤ የድሉን ማግስት ቀለብ ግን በሠንጠረዡ ስድስተኛ ዓምድ ላይ ሞልታችሁ አሳዩኝ።

እንግዲህ ይዛችሁ የመጣችሁትን ረቂቅ አውጡ። ገጽ አንድን ለጊዜው ተዉትና በመጀመሪያ ከታሪኩ ውስጥ የሚበላውን ነገር ሁሉ አስምሩበት፤ ከአምስት ያነሰ መስመር ያገኘ ሰው ወደ ፊት ወንበር ይምጣ፣ ከእሱ እንጀምራለን።